የኦቦ ደበላ አሜን

እናንተ ዘንድ የመዝጊያ ጸሎት የሚያስረዝም ሰው የለም? ቡራዩ ባለችው በእኛ ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ኦቦ ደበላ አሉልን። እሳቸው «ጌታ ሆይ» ብለው ከጀመሩ ከዝናቡ ይነሱና የለገዳዲን ውሃ፣ የጎረቤትን ላም ሳይቀር ይባርካሉ። ወይዘሮ አስካለ ደግሞ ሁልጊዜ «ወጤ አረረ!» እያለች ታጉረመርማለች። ታጉረምርም እንጂ አትወጣም፤ በጸሎት መሃል በር መክፈት በእኛ ዘንድ ትልቅ ነውር ነዋ!

የገበሬው መሬት ወደ ከተማው ሊጠቃለል ነው ተብሎ በተነሳው በማስተር ፕላኑ ረብሻ ጊዜ አንድ እሁድ፣ ስብከቱ እንዳለቀ፣ ውጭ ተኩስ ተሰማ። የአስካለ ሁለት ጎረምሶች ወደ መንገዱ ሊሮጡ ተነሱ። «ተዉ ልጆቼ!» ብትል ማን ይስማት? ይኼኔ ፓስተራችን ፈጠን ብለው «ኦቦ ደበላ፣ በጸሎት ይዝጉልን» አሉ።

ኦቦ ደበላ ጀመሩ። ለመሬቱ፣ ለገበሬው፣ ለተኳሹ እናት ሳይቀር ጸለዩ። ጎረምሶቹ በሩ ሥር አንገታቸውን ደፍተው ቀሩ። የእኔም እግር ደነዘዘ፤ ግን እንደዚያን ቀን ጸሎት ጥሞኝ አያውቅም። «አሜን» ሲሉ ውጭው ጭር ብሏል።

አስካለ እንባዋን እየጠረገች፣ «ኦቦ ደበላ፣ ምነው ዛሬ አሳጠሩት?» አለቻቸው።

«ወጥሽ እንዳያርርብሽ ብዬ ነው፣ ልጄ።»