የክቡር የኋላሸት ማኅተሞች

በየመሥሪያ ቤቱ፣ ሱቅ ውስጥ የተደረደረ ዕቃ ሲያይ «ይሄማ እቤት ይሠራል» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። ሌላው ገዝቶ ይገላገላል፤ እሱ ግን ሠርቶ ይደክማል፣ አጠገቡ ያለውንም ሁሉ ያደክማል። ጅግጅጋ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ይህን ማዕረግ የያዙት ክቡር የኋላሸት ናቸው። በመንግሥት ቅጥር የኬሚስትሪ መምህር፣ በራሳቸው ሹመት ደግሞ የመልካም ምኞት ካርድ ሚኒስትር።

የሒሳብ መምህሩ ዐብዲሰላም የሚቀመጠው ከጎናቸው ስለሆነ፣ የሚኒስቴሩ ጣጣ ሁሉ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ክቡርነታቸው የካርዱን ማኅተም የሚቀርጹት ካረጀ ነጠላ ጫማ ሶል ላይ፣ በምላጭ ነው። አንድ ቀን የዐብዲሰላምን እግር ትክ ብለው አይተው፣ «ይሄ ጫማህ ግን መቼ ነው የሚያልቀው?» ሲሉት እግሩን ወንበር ሥር ደበቀ። ግቢው ውስጥ ነጠላ ጫማ ከጠፋ፣ ሰው መጀመሪያ የሚያየው የእሳቸውን ጠረጴዛ ነው።

ከማኅተሙ ቀጥሎ የሚመጣው ምስሉን የማሳበጥ ሥራ ነው። ከካርቶን ላይ ኮከብ ቆርጠው ያወጣሉ፤ ወረቀቱን ከካርቶኑ ጋር ብርሃን ባለበት የመስኮት መስተዋት ላይ ይለጥፉና፣ የኮከቡን ጠርዝ በማንኪያ ጭራ ያሹታል። ወረቀቱ በዚህ በኩል ይሰረጉዳል፣ ሲገለበጥ ኮከቡ አብጦ ይወጣል። ከውጭ የቆሙ ተማሪዎችም ያጨበጭባሉ።

«በዓይንህ አይደለም፣ ጨፍነህ በጣትህ እየው!» ይሉታል ክቡርነታቸው ዐብዲሰላምን።

ዐብዲሰላም ጨፍኖ ይዳስሳል።

«አየኸው?»

«አየሁት፣ ጋሼ።»

«አላየኸውም፤ ደግመህ እየው።»

ካርዱን ሰጥተው ከሄዱ በኋላም ከበር ይመለሳሉ፦ «አደራ፣ እንዳይታጠፍ!»

ልደት ሆነ ዝውውር፣ ገና ሆነ ዒድ፣ የማንም አይቀርም። ሰው ሁሉ በቴሌግራም አበባ ተላልኮ ሲገላገል፣ የእሳቸው የዒድ ካርድ የሚደርሰው ዒዱ ካለፈ በኋላ ነው። «አልደረቀም ነበር» ይላሉ፣ ጥፋቱ የቀለሙ ይመስል። ዐብዲሰላም ልጁ ሉል ስትወለድ የተሰጠው ካርድ የት እንደደረሰ ተጠይቆ፣ «እኔ እንጃ፣ ልጆቹ ቀደውት ይሆናል» ብሎ መምህራኑን አስቋል። ክቡርነታቸው ግን አልሳቁም፤ ለአንድ ሳምንትም ጫማውን አላዩትም።

ደገሀቡር የተዛወረችው የቀድሞ ባልደረባቸው ላዳን ስታገባ፣ ሁለቱ ሠርጓን ሊታደሙ አብረው ሚኒባስ ተሳፈሩ። ክቡርነታቸው የታሸገውን ካርድ ደረታቸው ላይ፣ ማኅተሞቹን በፌስታል ይዘዋል። የመጨረሻው ማኅተም የሚመታው ባለካርዱ ፊት ነው፤ የሚኒስቴሩ ሕግ ነው።

ኬላ ላይ ፈታሹ ፌስታሉን ከፈተ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ማኅተም ነዋ!» አሉ በኩራት።

ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አያቸው። ዐብዲሰላም ማንም ሳያዘው ዓይኑን ጨፈነ።

ፈታሹ አንዱን አነሳ። ክብ ነው፤ ዙሪያውን አበባ፣ መሀሉ ባዶ። «መሀሉስ?»

«ስም ይገባበታል።»

«የየትኛው መሥሪያ ቤት?»

«ኧረ የሰው ስም! ለሙሽራ ካርድ ነው የምሠራው።»

«እንግዲያው የታሸገውን ይክፈቱትና ልየው።»

«አይሆንም! ከሙሽራዋ በፊት ማንም አያየውም።»

«ጋሼ፣ በአላህ ይክፈቱለት!» አለ ዐብዲሰላም።

«አልከፍትም አልኩ።»

«እሺ፣ እርስዎ ይውረዱ። ሌሎቻችሁ ሂዱ» አለ ፈታሹ።

ሾፌሩ ባሬ ከዚህ በላይ አልጠበቀም፤ ሞተሩን አስነሳ። ክቡርነታቸው ካርዱ እንዳይታጠፍ በሁለት እጃቸው ይዘው ወረዱና አቧራው ላይ ቆሙ። ያን ሰዓት ሚኒስትር አልመሰሉም፤ ከበር የተመለሰ የሠርግ እንግዳ ነበር የመሰሉት።

«ባሬ፣ አንዴ!» ብሎ ዐብዲሰላም ዘሎ ወረደ። የኪስ ቦርሳውን ከፍቶ ከመታወቂያው ጀርባ አንድ የታጣጠፈ ወረቀት አወጣና ለፈታሹ ዘረጋለት። ያው የአበባ ክብ ነው፤ መሀሉ ላይ «ሉል» ተጽፏል፣ ከበላዩ ኮከብ አለ።

«ልጄ ስትወለድ የሠሩልኝ ነው። ሥራቸው ይሄው ነው። ወላሂ፣ ከጫማ በስተቀር የሰው ነገር አይነኩም።»

ፈታሹ ካርዱን ከማኅተሙ ጋር አስተያየ። ከዚያ ማንም ሳይነግረው አውራ ጣቱን ኮከቡ ላይ አሳለፈ፣ መልሶም አሳለፈ። ፌስታሉን አቀበላቸው።

«በሉ ይሂዱ፣ አባት። ሠርጉ እንዳያልፍዎት።»

ሁለቱ ተሳፈሩና መኪናው ተንቀሳቀሰ። ዐብዲሰላም ምስጋናውን ጠበቀ። ክቡርነታቸው ወረቀቱን ከእጁ ወስደው ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጉት።

«አጥፈኸዋል!» አሉ። «ኮከቡን እኮ ጨፍልቀኸዋል!»

«ኪሴ ውስጥ ነው የኖረው፣ ጋሼ። ምን ላድርግ?»

ክቡርነታቸው ማንኪያቸውን አወጡና ካርዱን ጉልበታቸው ላይ ገልብጠው የኮከቡን ጠርዝ ከጀርባው ያሹ ጀመር። ሚኒባሱ በነጠረ ቁጥር እጃቸው ይስታል። ዐብዲሰላም ቀረብ ብሎ ክርናቸውን ደገፈ፣ እስከ ደገሀቡርም አልለቀቀውም።