በገዛ ቤቷ የምትቆም ሴት

ሰው አገሩን ሲለቅ ማዕረጉን ኤርፖርት ጥሎ ይሳፈራል ይባላል። አትመኑ። ማን ተቀምጦ፣ ማን ቆሞ እንደሚውል የሚደነግገውን ልማድ ቪዛ የሚጠይቀው የለም፤ ከሁላችንም ቀድሞ ዳላስ ገብቶ ጠበቀን።

ይህን ያስተማረችኝ ሜስኪት በምትባል የዳላስ ዳርቻ ከተማ ክፍል ያከራየችኝ ዘነቡ ናት። ቤቱ የራሷ ነው፤ አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ እየሠራች የገዛችው። አዲስ አበባ ሳለች ተቀጥራ ያገለገለቻቸውን እትዬ አበበችን፣ እዚህ ያመጣቸው የወንድማቸው ልጅ ፊቱን ሲያዞርባቸው፣ ወስዳ ያስጠጋቻቸውም እሷው ናት። ታዲያ እሳቸው ገበታ ሲቀርቡ፣ ባለቤቲቱ እጇን አጣምራ ከኋላቸው ትቆማለች። "ተቀመጪ እንጂ" ስላት፣ "ኖ ኖ፣ ሥራ ቦታ ብሬክ ላይ በልቻለሁ" ትለኛለች። የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማድ ይባላል፤ ዘነቡን ግን ልማዷ ከገዛ ማዷ አራቃት። እትዬም ክፉ ሆነው አይደለም፤ አላዩአትም። ከኋላው የቆመን ሰው ማን ያያል?

አንድ እሑድ ተንኮል አስቤ ከቪዲዮ ቤት የድሮ የእንግሊዝ ፊልም ተከራየሁና ለምሳ ሰዓት ከፈትኩት። ጌታው ረጅም ገበታ ላይ ብቻቸውን ይበላሉ፤ ነጭ ጓንት ያጠለቀ ሽማግሌ አሽከር ከኋላቸው ተገትሯል። ዘነቡ ከእትዬ ወንበር ጀርባ ሆና፣ "አቋቋሙ ጥሩ ነው፤ ሾርባው ግን ሳይቀዘቅዝ አልቀረም" ስትል የባለሙያ አስተያየት ሰጠች። እትዬ ጎርሰው ሳሉ ማኘካቸውን አቆሙ።

"ይሄ ሽማግሌ መቼ ነው የሚበላው?"

"ጌትየው ሲጨርሱ" አልኩ።

እትዬ ከነወንበራቸው ወደ ኋላ ዞሩ።

"ዘነቡ፣ አንቺስ እኔ ቤት ሳለሽ መቼ ነበር የምትበዪው?"

"እርስዎ ከተኙ በኋላ ነዋ፣ እትዬ።" ቅሬታ የለበትም፤ ሰዓት ለጠየቃት ሰው የምትመልስ ነው የምትመስለው።

እትዬ ሳህኑን ገፋ አደረጉት፤ ካልተቀመጠች እህል እንደማይቀምሱ ማሉ። ዘነቡ እኔን አየች፣ በሩን አየች፣ ተቀመጠች። ወንበሩ ጫፍ ላይ። ወጥ የሚጨምር ስለጠፋ እኔ ተነሳሁ፤ ተንኮሌ ዞሮ አሽከር አደረገኝ።

ዋናው ነገር ግን ገና ነበር። ስንት ዓመት ዘነቡን ከኋላቸው አቁመው ሲጎርሱ የኖሩት እትዬ፣ አሁን አንገታቸውን ወደ እሷ ሰገግ አድርገው "አጉርሺኝ" አሏት። ቀኑን ሙሉ አቅመ ደካሞችን ስታበላ የምትውለው ሴት ጉርሻ መጠቅለል ጠፋት፤ የጉርሻው እኩሌታ እትዬ ነጠላ ላይ ፈሰሰ።

"ምንም አይደል" አሉ እትዬ እያኘኩ፤ "ገና ጀማሪ ነሽ።"