የሁሉ ደጅ የታጠረበት ዘመን

ከብት ያለው ከብቱን ያስገባ፣ ልጅ ያለው ልጁን ያቅርብ፣ እንቅልፍ የመጣበትም ግድግዳ ይደገፍ፤ ተረት ልነግራችሁ ነው።

ድሮ፣ ሰው እንስሳትን መምሰል ሳይጀምር፣ በአንድ ጫካ መካከል አንድ ሐይቅ ነበረ። ሐይቁ በሦስት በኩል ገደል ነው፤ ከገደሉ ሥር አዞ አለ። በምሥራቅ በኩል ግን ለጥ ያለ፣ ሣሩ ለእግር የሚለሰልስ፣ ሾላዎች ተሰልፈው ጥላ የሚጥሉበት ዳርቻ ነበረ። ስሙ «የሁሉ ደጅ» ይባላል።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ እንስሳቱ ከየጎሬያቸው ወጥተው በዚያ ዳርቻ ይንሸራሸሩ ነበር። ወላዶች ግልገሎቻቸውን ያጠጣሉ፤ ጎረምሶች ቀንዳቸውን እያሳዩ ይንጎራደዳሉ፤ ሽማግሌዎች የድሮ ሣር እንዴት ይጣፍጥ እንደነበር ያወራሉ። አያት ቅድመ አያቶቻቸው በአንድ የድርቅ ዘመን የማሉት መሐላ ነበረና በሁሉ ደጅ ላይ ደም አይፈስም። ነብር እንኳ ሚዳቋን ሲያገኛት «እንደምን ዋልሽ» ይላት ነበር። ከዳርቻው ከወጡ በኋላ ስለሚሆነው ነገር ግን ሁለቱም አያነሡም። ጨዋነት ነው።

አንበሳው በእርጅና ሲሞት እንስሳቱ መሪ ለመምረጥ ተሰበሰቡ። «ሥጋ በል ብንመርጥ እኛን ይጨርሳል፤ ሣር በል ብንመርጥ ሣሩን ይጨርስብናል» ብለው ብዙ ተጨነቁ። በመጨረሻ ዝንጀሮን መረጡ። ምክንያታቸውም ግልጽ ነበር፤ ከእናቱ ሆድ ጀምሮ መቀመጫው ተልጦ ለወንበር የተዘጋጀለት እሱ ብቻ ነው። «ብላታ» የሚል ማዕረግም ጨመሩለት። ብላታ ዝንጀሮ ሥልጣን በያዘ ማግሥት «መጀመሪያ የመቀመጫዬን» የምትለዋን የአባቶቹን አባባል የአስተዳደሩ መመሪያ አድርጎ አወጀ።

ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ «ቁርበት አንጥፉልኝ» አለ ይባላል። የኛው አያ ጅቦ ግን የመጣው በደንብ ወደሚያውቁት አገር ነው። በዚያ ጫካ ጅብ ዘመዱን ያልበላበት እንስሳ አልነበረም። ሆኖም ከተራራው ማዶ ከርሞ፣ ጸጉሩን አበጥሮ፣ አፉን ታጥቦ መጣና «ቁርበት አንጥፉልኝ» አለ። አነጠፉለት። ቁርበቱ የማን እንደነበረ የጠየቀ የለም።

«ብላታ፣ ይህ ዳርቻ እኮ ባክኗል!» አለ አያ ጅቦ ቁርበቱ ላይ እየተመቻቸ። «ሣር ብቻ፣ ጥላ ብቻ፣ ነፋስ ብቻ! ማንም እየመጣ በነጻ ይተነፍስበታል።»

«በነጻ?» አለ ብላታ ዝንጀሮ ደንግጦ። ዕድሜውን ሙሉ እዚያው ሲተነፍስ ኖሮ ይህን የመሰለ ብክነት ልብ አላለውም ነበር።

«እኔ አጥረዋለሁ፤ አስውበዋለሁ። ማረፊያ እሠራበታለሁ፣ አጥንት ቤት እከፍትበታለሁ። ከዚያ መልሼ ለሕዝቡ አስረክባለሁ።»

«ለሕዝቡ?»

«ለሕዝቡ። በመግቢያ ዋጋ።» ቀጠለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያች ፍሬዋ የማያልቀው ትልቋ ሾላ ግን ለርስዎ ለብቻዎ ትከለላለች።»

ብላታ ዝንጀሮ ሾላዋ ላይ ወጥቶ ፍሬውን ቀመሰ። ሲጠግብ የሕዝቡ ነገር ትዝ አለው። «ሕዝብ ሳይመክርበት አንዳች ነገር አይደረግም» አለ፤ ውሳኔው ከጸደቀ በኋላም ሕዝቡን ለምክክር ጠራው።

በጉባኤው ላይ የተናገረችው የብላታ አፈ ጉባኤ እመት ጦጢት ነበረች። ከዛፍ ዛፍ ስትዘል ያደገች በመሆኗ ከጥያቄ ጥያቄ መዝለል አያደክማትም። «ዳርቻው ይለማል። ልማት የማይወድ ማን አለ?» አለች። ማንም አልተነፈሰም። «አመሰግናለሁ፤ ውይይቱ በጣም ገንቢ ነበር» አለች ጦጢት።

ያን ጊዜ እመት ከርከሮ ተነሣች። ባሏ የሞተባት፣ ፊቷ ኪንታሮታም፣ አነጋገሯ ሸካራ፣ በሰፈሩ «ነገር ቆፋሪ» የምትባል ከርከሮ ነበረች። ጎረቤቷ አባ ድኩላ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። በየምሽቱ ጎኗን ተደግፈው በሁሉ ደጅ ይንሸራሸራሉ፤ ውሃ ይጠጣሉ፤ ጠረኑን እየለዩ ያለፈ ያገደመውን ሁሉ በስሙ ጠርተው ሰላም ይላሉ። ለዓይነ ስውር የሚሆን ሌላ ሜዳ መንገድ በዚያ ጫካ አልነበረም።

«አንድ ጥያቄ አለኝ» አለች። «ዳርቻው ከታጠረ አባ ድኩላ በየት በኩል ውሃ ሊጠጡ ነው?»

«የግለሰብ ጉዳይ በቢሮ ይታያል» አለች ጦጢት።

«ቢሮው የት ነው?»

«አጥሩ ካለቀ በኋላ በግቢው ውስጥ ይከፈታል።»

እንስሳቱ ሳቅ አፈናቸው። አባ ድኩላ ግን «ተይ ልጄ፣ በኔ የተነሣ አትጣይ» እያሉ ጎኗን በቀንዳቸው ነካ ነካ አደረጓት።

ድምፅ ይሰጥ ተባለ። «የሚቃወም ጅራቱን ያቁም!» ብሎ ብላታ ዝንጀሮ አወጀ። አያ ጅቦ ማን እንደሚያቆም ለማየት ከፊት ተቀመጠ፤ እንዲያው ለትውውቅ ያህል። ጎሾች ጅራታቸውን በጭናቸው መካከል ሸጎጡ። ሚዳቋ ጅራቴ አጭር ነው ብላ ይቅርታ ጠየቀች። የእመት ከርከሮ ጅራት ብቻ እንደ ችካል ቀጥ ብላ ቆመች።

ጦጢት አየቻትና «ከርከሮ ሲፈራ ጅራቱን ማቆሙ የታወቀ ነው» አለች። «ስለዚህ ይህ ፍርሃት እንጂ ተቃውሞ አይደለም። በሙሉ ድምፅ አልፏል።»

አጥሩ በግራር እሾህ ተሠራ። በሩ ላይ ጦጢት ተቀመጠች፤ የሥራ ዕድል ይሉሃል ይሄ ነው። መግቢያው አንድ አጥንት ሆነ። በመክፈቻው ዕለት ሚዳቋ ዓይኗን ተኩላ፣ ተቀባብታ መጣችና «እኔ ሣር በል ነኝ፤ አጥንት ከየት አመጣለሁ?» ብላ ጠየቀች።

«ይዘሽው መጥተሽ የለ እንዴ!» አለ አያ ጅቦ ከላይ እስከ ታች እያያት።

ሚዳቋ እግሬ አውጪኝ አለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ጤዛ መላስ ለጤና እንደሚስማማ ትናገር ጀመር። ጎሾች «እኛ ጉልበት አለን፤ በገደሉ ወርደን እንጠጣለን፤ አጥር ለደካማ ነው» አሉ። ነብር ዝምድናውን ቆጥሮ በነጻ ገባ። ሌላውም በየጎሬው ሆኖ አማ፤ በየመንገዱ ጦጢትን ሲያገኛት ግን «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ግቢው አምሮበታል!» ይላታል። ከውስጥ የሚወጣው የአጥንት ሽታ ሐይቁን ተሻግሮ ይሸት ነበር። ብላታ ዝንጀሮ «የዕድገት ሽታ ነው፤ ትለምዱታላችሁ» አለ። እውነትም ለመዱት።

እመት ከርከሮ አባ ድኩላን በገደሉ በኩል መውሰድ ጀመረች። ኮቴ በኮቴ፣ «እዚህ ድንጋይ አለ፣ እዚህ ጎርበጥ ይላል» እያለች ታወርዳቸዋለች። ሽማግሌው አንድም ቀን አላማረሩም፤ ብቻ ወሬያቸው ቀነሰ። በገደሉ መንገድ ሰላም የሚሉት አላፊ አግዳሚ የለማ።

አንድ ቀን እመት ከርከሮ ግልገሏ ታመመችባትና ሳትመጣ አመሸች። አባ ድኩላ ጠብቀው ጠብቀው ሲጠማቸው፣ እግራቸው በለመደው ብቻቸውን ወደ ሁሉ ደጅ ሄዱ። እሾህ አፍንጫቸውን ወጋው። አጥሩን ታክከው በሩ ጋ ደረሱ።

«ማነህ?» አለች ጦጢት።

«ድኩላ ነኝ። ውሃ ቢጤ...»

«አጥንት ይዘዋል?»

«ኧረ የለኝም ልጄ። አባትሽን ግን በሕፃንነቱ እዚሁ ሾላ ሥር ሲጫወት አውቀዋለሁ።»

«በትውውቅ መግባት ቀርቷል፤ ሙስና ነው» አለች ጦጢት።

ሽማግሌው «እሺ፣ ይቅርታ» ብለው ዞሩ። በገደሉ በኩል የውሃውን ሽታ ተከትለው ሲወርዱ እግራቸው ከዳቸው። አዞ ምን ያድርግ? እራቱ ራሱ ተንከባሎ መጣለት።

እመት ከርከሮ ስትደርስ ውሃው ላይ ክብ ክብ ሞገድ ብቻ ነበር። «አባ!» ብላ ተጣራች። ደጋግማ ተጣራች።

ለቅሶው ላይ ብላታ ዝንጀሮ ተገኝቶ «አባ ድኩላ በልማት ጉዞ ላይ የተሠዉ ጀግና ናቸው» ብሎ ንግግር አደረገ። አያ ጅቦም ከልቡ አለቀሰ። «የቀብሩን ነገር ለኔ ተዉት» አለ እንባውን እየጠረገ፤ «ሬሳው የት ነው?» አዞ ምንም እንዳላስተረፈ ሲነግሩት ለቅሶው ባሰበት። «ምን ዓይነት ጨካኝ ነው! ለወዳጅ ዘመድ አንዲት አጥንት እንኳ አይተውም?»

እመት ከርከሮ አላለቀሰችም። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ተነሥታ ወደ አጥሩ ሄደች፤ ለቀስተኛውም ምን ልታደርግ ይሆን ብሎ በሩቁ ተከተላት። ከአጥሩ ሥር በፊት ጉልበቷ ተንበርክካ በጥርሷ መቆፈር ጀመረች። እሾሁ ፊቷን ይጫረዋል፤ ደም በአፍንጫዋ ይወርዳል፤ እሷ ትቆፍራለች። አንዱ የአጥር እንጨት ወደቀ። ሁለተኛው ተከተለ።

ጦጢት ሮጣ ተናገረችና አያ ጅቦ መጣ። «እመት ከርከሮ፣ ምን ጠፋብሽ?»

«የአባ ድኩላ መንገድ።»

«ተንበርክከሽ ብትለምኚኝ ኖሮ እኮ ቀድሜ እፈቅድልሽ ነበር።»

«እኔ የምንበረከከው ለሣርና ለሥራ ነው» አለች ቀና ሳትል። «ላንተ የሚንበረከኩት እዚያ ቆመዋል፤ ከነሱ ጋር ተጫወት።»

ከኋላ የቆሙት እንስሳት መሬት መሬት አዩ። አያ ጅቦ ጥርሱን አወጣ፤ ሊዘልባት ተኮማተረ።

«በሁሉ ደጅ ደም አይፈስም!» ብላ ሚዳቋ ጮኸች። ከአፏ ሲወጣ ራሷም ደነገጠች።

አያ ጅቦ ከት ብሎ ሳቀ። «የሁሉ ደጅ የት አለና? ይሄ የኔ ግቢ ነው! ያ የአሮጌዎች መሐላ ሞቷል።»

ያን ጊዜ እመት ከርከሮ ቀና አለች። «ሞቷል?»

«ሞቷል አልኩሽ!»

«ሁላችሁም ሰማችሁ?» ብላ ወደ ኋላ ዞረች። «መሐላው ሞቷል ያለው ራሱ ነው፤ እኔ አይደለሁም። እንግዲህ እናንተ ጎሾች፣ ይህን ሁሉ ዘመን ጥጆቻችሁን የበላውን ጅብ እዚህ ዳርቻ ላይ እያገኛችሁት በቀንዳችሁ ያላነሣችሁት ለምን ነበር?»

ጎሽ ነገር ቶሎ አይገባውም፤ ከገባው ግን ቶሎ አይወጣለትም። ትልቁ ጎሽ ቆሞ አሰበ። አያ ጅቦም ጎሹ ሲያስብ አይቶ ራሱ ማሰብ ጀመረ፤ መሐላው ሲጠብቅ የኖረው ሚዳቋን ብቻ እንዳልነበረ ያኔ ገባው።

«በመሐላው ምክንያት ነበር» አለ ትልቁ ጎሽ በመጨረሻ፣ ቃል በቃል።

«ወንድሞቼ፣ እኔ ሞቷል ስል ታሟል ማለቴ...» አለ አያ ጅቦ።

አልጨረሰም። ጎሾቹ አንገታቸውን ደፍተው መጡ። አጥሩ ከነመዝጊያው፣ አጥንት ቤቱ ከነሽታው ከኮቴ ሥር ደቀቀ። አያ ጅቦ ትልቁን ጎሽ ለጥቂት አመለጠው፤ እያነከሰ ተራራውን ወጣ። ጦጢትም ዛፍ ላይ ወጥታ «እኔ ከድሮም አልወደውም ነበር!» ስትል ተሰማች።

አቧራው ሲሰክን እንስሳቱ አንድ በአንድ ወደ ዳርቻው ገቡ። ሣሩ ተረጋግጧል፤ ውሃው ግን እንደ ድሮው ነው። ሚዳቋ ልጆቿን አጠጣች። ጎሾቹ ቆመው ጠጡ፤ «መሐላው አለ ወይስ የለም?» ብለው እርስ በርስ ተጠያየቁና «አለ» ተባባሉ።

ብላታ ዝንጀሮ ማን እንደሚያሸንፍ እስኪለይ ሾላዋ ላይ ሆኖ ሲመለከት ነበር። ሲለይ ወረደ። «ድል አደረግን!» ብሎ ጮኸ። «የአስተዳደራችን ብልህ ትዕግሥት ጅቡን አባረረ! ነገር ግን ጠላት አይተኛም። ስለዚህ የሁሉ ደጅ ጠባቂ ጉባኤ ዛሬ ተቋቁሟል፤ ሊቀ መንበሩም እኔ ነኝ። ዳርቻችንን ዳግመኛ ማንም እንዳያጥርብን፣ እኛው ቀድመን ዙሪያውን እናጥረዋለን። ቁልፉ በታማኝ እጅ ይቀመጣል!»

ጦጢት ከዛፉ ላይ አጨበጨበች። ነብር ተከተላት። ጎሾቹ በኮቴያቸው መሬቱን ደበደቡት። ሚዳቋ በደስታ እንባዋ መጣ። «እልል!» የሚል ድምፅ ሐይቁን ሞላው።

እመት ከርከሮ ጥግ ይዛ በአፍንጫዋ የቀረውን እሾህ በድንጋይ እያሸች ታወጣለች። ሚዳቋ አየቻትና «እመት ከርከሮ፣ ሁሉ ሲደሰት አንቺ ምነው ዝም አልሽ?» አለቻት።

«የእሾሁን አጥር በጥርሴ ነቀልኩት» አለች እመት ከርከሮ፤ «አሁን በእልልታ የምታጥሩትን ግን የሚነቅል ጥርስ የለኝም።»