ጋሽ ከድር ወገን ሲይዙ

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ያሉት አባቶቻችን ግማሽ ሰዓት ብቻ ተሰጥቷቸው አያውቅም። እስቲ ራሳችሁን ታዘቡ፤ ለጉዳይ ሰው ጋ ስልክ ስትደውሉ የእናቱን ጤና፣ የልጆቹን ትምህርት፣ የጎረቤቱን ሠርግ ሳትጠይቁ ወደ ጉዳያችሁ ትገባላችሁ? አትገቡም። ነውር ነዋ! የሁለተኛ ዲግሪ መግቢያ ፈተና ግን ነውር አያውቅም። ርእሱን ይወረውርና «ትስማማለህ ወይስ አትስማማም?» ብሎ ያፈጥብሃል፤ ግማሽ ሰዓት ሲሞላ ወረቀትህን ይነጥቅሃል።

ይህን ነውር የማስተምረው እኔ ነኝ። መርካቶ ሸማ ተራ፣ ከጋቢና ከነጠላ ሱቆች በላይ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ለመግቢያ ፈተና ድርሰት አለማምዳለሁ። በሙያዬ አልታማም። ሐተታ የሚያበዛውን አሳጥሬ፣ ቃል የሚያጥረውን አስረዝሜ ስንቱን ዩኒቨርሲቲ አስገብቻለሁ!

ከዚያ ጋሽ ከድር መጡ።

ጋሽ ከድር ምክትል ርእሰ መምህር ናቸው፤ መርካቶ ግን የሚያውቃቸው በሽምግልናቸው ነው። ከጎጃም በረንዳ እስከ ሲኒማ ራስ ሸሪክ ከሸሪክ፣ ባል ከሚስት ሲጣላ «ከድርን ጥሩልኝ» ነው የሚባለው። አምና ፈተናውን ወድቀዋል። ዘንድሮም ከወደቁ መሥሪያ ቤታቸው የያዘላቸው የትምህርት ዕድል ለሌላ ሰው ያልፋል። «ልጆቼ ፊት ሁለተኛ አልወድቅም» ሲሉኝ አንጀቴን በሉት።

መልመጃ ሰጠኋቸው፤ «ቴክኖሎጂ የሰውን ልጅ አስንፎታል፤ ትስማማለህ?» የሚል። የጻፉትን ሳነብ ጉድ አልኩ። ቴክኖሎጂን ለብቻው፣ የሰውን ልጅ ለብቻው አነጋግረው፣ ሁለቱም በመጠኑ ማጥፋታቸውን ገልጸው፣ «ስለ አንባቢው ክብር ሲባል ይቅር ይባባሉ» ብለው ደምድመዋል።

«ጋሽ ከድር፣ እርስዎ ከማን ወገን ነዎት?»

«ወገን ይዤማ እንዴት ላስታርቅ?»

«ማን አስታርቁ አለዎት? ይፍረዱ እንጂ!»

«አይ መምህር! የፈረድኩበት ሰው ነገ በየት በኩል ነው ሰላም የሚለኝ?»

እኛ ዘንድ እውነቱን ማወቅ አይከብድም፤ ተናግረውት ሲያበቁ እዚያው ሰፈር መኖሩ እንጂ። ለመንኳቸው፣ ተቆጣሁ፣ ሌላ ርእስ ሰጠሁ። እሳቸው ሁሉንም አስታረቁት። ፈተናው ሳምንት ቀረው።

በዚህ መሀል ከእትዬ ዘሪቱ ጋር ተጣላሁ። ከክፍሌ ሥር ጋቢ የሚሸጡ ጎረቤቴ ናቸው። ተማሪዎችህ ደረጃው ላይ ተኮልኩለው ደንበኛ ከለከሉኝ አሉ፤ እኔም ደረጃው የጋራ ነው ብዬ ደረቅኩ። ነገሩ ከረረ፤ ሽማግሌ ተጠራ። ማን ይመስላችኋል? ሌላ ማን አለ!

ጋሽ ከድር እንደ ልማዳቸው መርቀው ሁለታችንንም ሰሙ። «ለእኔ ስትሉ ተዉት» የምትለዋን ስንጠብቅ ሰዓታቸውን አዩ።

«መምህር፣ ጥፋቱ ያንተ ነው።»

ለድርሰት እንዳስተማርኳቸው፣ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር! ሁለት ምክንያት አስከተሉ። የኔን ጠንካራ ነጥብም አልሸሹትም፤ «ደረጃው የጋራ ነው ብለሃል፤ ልክ ነህ። የጋራ ከሆነ ግን እሳቸውም ደንበኛቸውን ያሳልፉበት» ብለው አነሱና ጣሉት። ደመደሙ። የተቀዳልን ሻይ እንኳን አልቀዘቀዘም።

የተፈረደላቸው እትዬ ዘሪቱ ናቸው የደነገጡት። «ኧረ ከድር፣ ምን ነካህ? ሰው ፊት እንዲህ ይባላል?» ብለው ለእኔ ጥብቅና ቆሙ። እኔ ፊቴ እስከ ጆሮዬ እየነደደ ተነስቼ ጋሽ ከድርን አቀፍኳቸው።

«ተቀየምከኝ?» አሉኝ፣ ፊታቸው ላብ በላብ ሆኖ።

«ቅያሜውን ይተዉትና፣ ልክ እንደዚህ ይጻፉልኝ!»

ጻፉ። አለፉም። እነሆ ዩኒቨርሲቲ ገብተዋል፤ ተማሪዎቼም ደረጃውን ለቀው ተራቸውን የሚጠብቁት እኔው ክፍል ውስጥ፣ ትከሻ ለትከሻ ተጣበው ነው።