የኦቦ ጉርሜሳ ስልክ

ሰው ብቻውን እንዲያደርጋቸው የተተዉለት ነገሮች ጥቂት ናቸው፤ ጥርስ መታመምና ሚስት መፍራትን የመሰሉ። መብላትና መማር ግን ከነዚህ አይቆጠሩም። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» እየተባለ ያደገን ሕዝብ «እያንዳንዳችሁ በየስልካችሁ ተማሩ» ስትሉት ምን ያደርጋል ብላችሁ ነው? እኛ ነቀምቴዎች ያደረግነውን ላውጋችሁ።

ጨለለቂ ሰፈር ባለው የእንጨትና የብረት ወርክሾፓችን መዶሻ ከጠፋ፣ እሱን ከመፈለግ ወለጋን በእግር ዞሮ መምጣት ይቀላል። ስለዚህ ካይዘን የሚሉት፣ ሥራን ጥቂት በጥቂት የማሻሻል ስልጠና ተላከልን። ግማሹ በስልክ፣ ግማሹ በአዳራሽ። የስልኩን ያላለፈ አዳራሽ አይገባም፤ አዳራሽ ያልገባ የምስክር ወረቀት አያገኝም። ለእኔ ለሽማግሌው ዕቃ ቤት ጠባቂ ወረቀቱ የግድግዳ ጌጥ ነው። ለበያጇ ለጫልቱ ግን ቋሚ ቅጥር ነበር። የጊዜያዊ ሥራ ውሏ ተቃጥሎ ተቃጥሎ፣ እንደ ብየዳ ኤሌክትሮድ ጫፉ ብቻ ቀርቶ ነበር።

ኔትወርካችንን መቼም ታውቁታላችሁ። ቪዲዮው ሲጀምር የተከልኩት ባሕር ዛፍ፣ ቪዲዮው ሲያልቅ ለአጣና ደርሷል። ደህና የሚይዘው የአለቃችን የኦቦ ጉርሜሳ ስልክ ብቻ ነበር። እሱን ግድግዳ አስደግፈን፣ ግቢው ውስጥ በቆሎ እየጠበስን፣ ሁላችንም ከበብነው። ጥያቄ ሲመጣ እንከራከራለን፤ ጫልቱ ትፈርዳለች፤ አንዱ መልሱን በጣቱ ይነካል። ባለስልኩስ? ያንኮራፋሉ። መሰንጠቂያ ማሽኑ የተነሣ የመሰላቸው ጎረቤቶች ግንድ ተሸክመው መጥተዋል።

የአዳራሹ ቀን ከአዲስ አበባ የመጣችው አሰልጣኝ ሰላማዊት ላፕቶፗን ከፈተች።

«ያለፉት ኦቦ ጉርሜሳ ብቻ ናቸው። ያውም መቶ ከመቶ! ሌሎቻችሁ ጭራሽ አልጀመራችሁም። በሉ ውጡልኝ።»

ወጣን። ጫልቱ መስኮቱ ሥር ቆመች፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

«እስቲ አምስቱን የካይዘን ደረጃዎች ይንገሩኝ» አለች አሰልጣኟ ከውስጥ።

ኦቦ ጉርሜሳ መልስ ሲጠፋቸው ሰላምታ ይጀምራሉ። «አካም ቡልቴ፣ ልጄ? ደህና አደርሽ? ቤተሰብ ደህና ነው? ከብቱስ?»

«ደረጃዎቹን፣ ኦቦ!»

«ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ!» አለ መስኮቱ በጫልቱ ድምፅ።

«ማናት?»

«ስልኬ ናት።»

«እሺ፤ ወለሉ ላይ ዘይት ቢፈስስ?»

«መጥረግ ብቻ ሳይሆን የሚያፈስሰውን ማሽን መፈለግ ነው!» አለ መስኮቱ።

ሰላማዊት ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ ሳቋ ቀደማት። «እንግዲያው ስልክዎ ይግባ!»

ስልኩ በር ላይ እየተጋፋ ገባ። እያንዳንዳችንን በቃል ፈተነችን፤ እኔ እንኳ ሳልቀር አለፍን። ጫልቱ ዛሬ ቋሚ ናት።

ኦቦ ጉርሜሳስ? መቶ ከመቶ ያመጡት እሳቸው ብቻ አይደሉ? ኮምፒውተር ደግሞ አይዋሽም። በዚያው በወለጋ ላሉት ለኡኬና ለአንገር ጉቲን ከተሞች ወርክሾፖች ልምድ እንዲያካፍሉ ተመረጡ። መኪናው ሊነሣ ሲል አየኋቸው፤ ጫልቱን ከፊት ወንበር አስቀምጠዋታል።

«እሷን የት ይወስዷታል፣ ኦቦ?» አልኳቸው።

«አንተ ደግሞ! ሰው ስልኩን ትቶ መንገድ ይወጣል እንዴ?»