እጄን የት ላድርገው?

ምን እንደተባለ ሳይሰማ የሚያጨበጭብ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ሩቅ አትሂዱ፤ እኔ አለሁ። «ሞዴል ገበሬ» የተባልኩት በእርሻዬ ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል፤ ከስብሰባ ስለማልቀር ነው።

አንድ ጊዜ ከደብረ ታቦር በአውቶቡስ ጭነው ኮምባይነር የሚገጣጠምበት ፋብሪካ ወሰዱን። ጎረቤቴ ብርሃኑም ወንበር ስለተረፈ ተሳፈረ። ብርሃኑ መሬት የለውም፤ በየኅዳሩ ከጉና ወደ ሜዳው ወርዶ የሰው አዝመራ በማጭድ እያጨደ ነው ልጆቹን የሚያበላው።

አስጎብኚው፣ «ይህ ማሽን የአንድ መንደር አጫጅ የሚሠራውን ብቻውን ይሠራል» አለ። ሁላችንም አጨበጨብን። ከሁሉ አብልጦ ያጨበጨበው ብርሃኑ ነበር።

«አንተ፣ እንጀራህን እኮ ነው የሚነጥቅህ» አልኩት ጠጋ ብዬ።

«አያ፣ ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ እጄን የት ላድርገው ይላሉ?»

ኅዳር ሲገባ ማሽኑ ሜዳው ላይ ቀድሞት ደረሰ። ብርሃኑ ማጭዱን እንደያዘ ባዶውን ተመልሶ ደጄ ላይ ቁጭ አለ።

«አያ፣ ያን ቀን ባናጨበጭብ ይቀር ነበር?»

«አይቀርም ነበር።»

«ታዲያ ለምን አጨበጨብን?»

ወሬ ለመቀየር ብዬ፣ «ልጆቹ ደኅና ናቸው?» አልኩት።

«ትልቋ ዐረብ አገር ልትሄድ ነው» አለኝ።