ቶኩጂ ኢሶጋይን አልማዝ የማድረጉ ወጪ

ቀን፦ እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 11

ቦታ፦ ኑማዙ ወደብ፣ ከኢሶጋይ የደረቀ ዓሣ መደብር ፎቅ ላይ፣ የሟቹ የቶኩጂ ፎቶግራፍና የአስከሬናቸው አመድ ያለበት ማሰሮ በተቀመጡበት ክፍል

ሰዓት፦ ለ7፡30 ተጠርቶ በ8፡05 ተጀመረ

የተገኙ፦
ወ/ሮ ፉሚኤ ኢሶጋይ፣ 77 ዓመት፣ የሟቹ ባለቤት
አቶ ሪዮሄ ኢሶጋይ፣ የበኩር ልጅ፣ የቤትና የቦታ አሻሻጭ፣ ሰብሳቢ (የመረጣቸው ሰው አልተመዘገበም)
ወ/ሮ ሳኤኮ፣ የሰብሳቢው ባለቤት
ወ/ሮ ኖሪኤ፣ ሴት ልጅ፣ የጸሐፊው ባለቤት
አቶ ኩኒዮ ኢሶጋይ፣ የመጨረሻ ልጅ፣ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር (ዘግይተው የደረሱ)
በጥሪ የተገኙ፦ ወይዘሪት ኒሺኦ፣ የሰው አመድ ወደ አልማዝ የሚለውጠው ድርጅት አማካሪ
ጸሐፊ፦ ኮይኬ፣ የቤቱ አማች፣ ከከተማው ውሃ ጽሕፈት ቤት በጡረታ የተገለለ። ሃያ ስድስት ዓመት ቃለ ጉባኤ የጻፈ በመሆኑ ያለ ምርጫ ተመርጧል።

ምልዓተ ጉባኤን በተመለከተ

አቶ ሪዮሄ በድርጅታቸው ወረቀት ላይ አትመው ባመጡት ደንብ መሠረት ስብሰባው የሚጀመረው አምስት አባላት ሲሟሉ ብቻ ነው። አቶ ኩኒዮ በሥራ ምክንያት ስላልደረሱ አራት ሰው ብቻ ተገኘ። ሰብሳቢው የሚጠብቃቸው ደንበኛ መኖሩን ገልጸው፣ አባታችንም እዚሁ ስላሉ አምስተኛ ሆነው ይቆጠሩ ሲሉ ሐሳብ አቀረቡ። ወ/ሮ ኖሪኤ ሙት ለምልዓተ ጉባኤ ይቆጠር እንደሆነ ጠየቁ። ሰብሳቢው ደንቡ አይከለክልም አሉ። ወ/ሮ ፉሚኤ ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉም ስብሰባ ላይ አንድ ቃል ተናግረው እንደማያውቁ አስታወሱ። ይህም እንደ ድጋፍ ተወሰደ።

ሟቹ ተገኝተዋል ተብሎ ተወሰነ። ድምፃቸውንም የበኩር ልጃቸው እንዲሰጡላቸው ተፈቀደ። አቶ ኩኒዮ ከአሥራ አምስት ደቂቃ በኋላ ቢገቡም፣ አንዴ የተወሰነ ነገር አይነሳም ስለተባለ አባላቱ ስድስት ሆኑ።

አጀንዳ 1፦ አልማዝ ለምን?

ሟቹ ያረፉት ዲሴምበር 24 ነው። የሐዘኑ ማብቂያ የሆነው አርባ ዘጠነኛው ቀን ትናንት አልፏል። አመዱ በዚያው ቀን ወደ ቤተሰቡ መቃብር መግባት ሲገባው፣ በአቶ ሪዮሄ ጥያቄ ሳይገባ ቀርቷል።

ሰብሳቢው ምክንያታቸውን አብራሩ። መቃብር ዓመታዊ ክፍያ አለው፣ ሣር ይበቅልበታል፣ ወደ ቤተ መቅደሱ የሚያወጣው ደረጃም መቶ አሥር ነው። አልማዝ ላይ ግን ሣር አይበቅልም። በተጨማሪም ባለፈው ወር በነጋዴዎች ማኅበር እራት ላይ አንድ የሥራ ተቋራጭ አባቱን አልማዝ አስደርጎ በክራባት መርፌ ሰክቶት እንደመጣ፣ እሳቸው የተቀመጡበት ጠረጴዛ ሁሉ እሱን ሲያይ እንዳመሸ ተናገሩ። እኛስ ከማን አንሰን ነው ሲሉ ጠየቁ። መልስ የሰጠ ስላልነበረ ሐሳቡ እንደጸደቀ ተቆጠረ።

አጀንዳ 2፦ የድንጋዩ መጠን

ወይዘሪት ኒሺኦ የዋጋ ዝርዝራቸውን አነበቡ። አንድ አምስተኛ ካራት 480 ሺህ የን፣ ግማሽ ካራት 1.2 ሚሊዮን፣ አንድ ካራት 2.9 ሚሊዮን። ሥራው ሰባት ወር ይፈጃል። ድንጋዩ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ሮዝ የሚፈልግ 200 ሺህ ይጨምራል።

አቶ ኩኒዮ ትንሹ ይበቃል አሉ። ሰብሳቢው አንድ አምስተኛ ካራት ለሰው መታየቱን እንደሚጠራጠሩ፣ አባታቸው ሰባ ኪሎ የሚመዝኑ ሰው እንደነበሩ፣ ለመጠናቸው የሚገባውን ክብር መስጠት እንደሚያስፈልግ ተናገሩ። አቶ ኩኒዮ አባታቸው ሲያርፉ አርባ ሦስት ኪሎ እንደነበሩ፣ ይህንንም የሚያውቁት ከአልጋ የሚያነሷቸው እሳቸው ስለነበሩ መሆኑን ገለጹ። ሰብሳቢው ነጥቡ ከአጀንዳው ውጪ ነው አሉ።

አቶ ኩኒዮ ቀጥለው ድንጋዩ ዓሣ ዓሣ ይሸት እንደሆነ ጠየቁ። ወይዘሪት ኒሺኦ ጥያቄው ቀልድ መሆኑን ሳይረዱ፣ አመዱ በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት ካለፈ በኋላ ከካርቦን በቀር ምንም እንደማይቀር ከድርጅቱ የማስታወቂያ መጽሔት አነበቡ። በዚህ ጊዜ ወ/ሮ ፉሚኤ የመጀመሪያ ጥያቄያቸውን አቀረቡ፦ «የቀረው ታዲያ የት ይሄዳል?»

ወይዘሪት ኒሺኦ ድንጋዩ የሚሠራው ከአንድ ማንኪያ ከማይበልጥ ካርቦን መሆኑን፣ የተረፈው በ15 ሺህ የን የመላኪያ ክፍያ ሊመለስ ወይም ያለ ክፍያ ድርጅቱ ራሱ «በአክብሮት ሊያስወግደው» እንደሚችል አስረዱ። ወ/ሮ ሳኤኮ ለተረፈ ነገር 15 ሺህ መክፈል ብክነት ነው አሉ። ወ/ሮ ፉሚኤ ሊደርቅ የተሰጣውን ዓሣ ለማገላበጥ ወደ ታች ወረዱ።

ከረጅም ውይይት በኋላ አንድ ካራት ይሁን፣ የተረፈውም ይወገድ ተብሎ በሦስት ድጋፍና በሁለት ተቃውሞ ተወሰነ። ሦስተኛው ድጋፍ የሟቹ ነው። ሟቹ የራሳቸው ትርፍ እንዲወገድ መደገፋቸውን ጸሐፊው የመዘገበው በሰብሳቢው ትእዛዝ ነው።

አጀንዳ 3፦ ማን ያደርገዋል?

ወ/ሮ ሳኤኮ ድንጋዩ ቀለበት ላይ እንዲገባ፣ ቀለበቱንም የበኩር ልጅ ሚስት እንድታደርገው ሐሳብ አቀረቡ። ጣታቸውን ቀድመው አስለክተው መጥተዋል።

ወ/ሮ ኖሪኤ ተናጋሪዋ አማታቸው በታመሙባቸው አምስት ወራት ሁለት ጊዜ ብቻ ሆስፒታል መምጣታቸውን፣ ከሁለቱም አንዱ ለገበያ በወጡ ዕለት መኪና የሚያቆሙበት አጥተው ሆስፒታሉ ግቢ ስለገቡ እንደነበር ለጉባኤው አስታወሱ። ወ/ሮ ሳኤኮ የሆስፒታል ሽታ እንደሚያማቸው በሐኪም ማስረጃ ማረጋገጥ እንደሚችሉ መለሱ። ወ/ሮ ኖሪኤ ማስረጃው እንዲቀርብ ጠየቁ። ሰብሳቢው ጠረጴዛውን መቱ። ሻይ ተደፋ። የሻዩ ጉዳይ አሥር ደቂቃ ወሰደ።

አቶ ኩኒዮ የአውቶቡስ ድርጅቱ ሹፌሮችን ቀለበት እንደማያስደርግ ጠቅሰው፣ ቀለበቱ በተራ የሚዞር ከሆነ የእሳቸው ተራ ሲደርስ አባታቸውን ከቁልፋቸው ጋር ማንጠልጠል ይፈቀድላቸው እንደሆነ ጠየቁ። ሰብሳቢው 2.9 ሚሊዮን የን ከቁልፍ ጋር አይንጠለጠልም አሉ።

ከረጅም ውይይት በኋላ ቀለበቱ በየአራት ወሩ በተራ ይዞር፣ ርክክቡ በባቡር ጣቢያው በር ላይ በፊርማ ይፈጸም፣ ልኩ በወ/ሮ ሳኤኮ ጣት ይሁን፣ ለወ/ሮ ኖሪኤ ቀጭን ጣት ደግሞ ክር ይጠምጠምበት ተብሎ በተመሳሳይ ድምፅ ተወሰነ። የርክክቡን ቅጽ ጸሐፊው እንዲያዘጋጅ ታዟል። አላዘጋጀም።

አጀንዳ 4፦ ወጪው ከየት ይመጣል?

ድንጋዩ፣ ማስቀመጫ ቀለበቱና መድኑ ተደምረው 3.3 ሚሊዮን የን ሆኑ። አቶ ኩኒዮ ድርሻቸውን በወር በወር ቢከፍሉ ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ስትገባ እንደሚጨርሱ አስልተው አሳዩ። ሰብሳቢው ማንም ከኪሱ ምንም እንደማያወጣ በደስታ ገለጹ። ከመደብሩ ጀርባ ያለው የዓሣ ማድረቂያ ግቢ ይሸጣል። ማድረቂያ ከሌለ መደብሩም ስለማያስፈልግ እሱም አብሮ ይሸጣል። እናታቸው ደግሞ ሚሺማ ከተማ፣ ሰብሳቢው በሚያከራዩት ሕንፃ ስድስተኛ ፎቅ፣ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ይገባሉ። ኪራዩ ይቀነስላቸዋል።

ወ/ሮ ኖሪኤ ይህ ሁሉ ለአንድ ድንጋይ ነው ወይ ሲሉ ጠየቁ። ወ/ሮ ሳኤኮ ባለቤታቸውን ለመርዳት በማሰብ «ለድንጋዩ ብቻ አይደለም፤ ቀብዱን እኮ ተቀብለናል» አሉ።

ሰብሳቢው ቃሉ ከቃለ ጉባኤው እንዲወጣ ጠየቁ። ወ/ሮ ኖሪኤ እንዲቀመጥ ጠየቁ። ተቀምጧል።

በጥያቄና መልስ የሚከተለው ተጣራ። ገዢው የክራባት መርፌ ያደረገው ሥራ ተቋራጭ ነው። ቀብዱ የተከፈለው በኖቬምበር፣ ማለትም ሟቹ ገና ሾርባ በሚጠጡበት ወር ነው። ገንዘቡ አምስት ሚሊዮን የን ነው። የቤተሰቡ የመቃብር ቦታ ተዘግቶ ለቤተ መቅደሱ እንዲመለስ የሚቀርበው ማመልከቻም ተጽፏል፤ የቀረው ፊርማ ብቻ ነው። አቶ ኩኒዮ እንዲህ ሲሉ ቃል በቃል እንዲያዝላቸው አሳሰቡ፦ «ጋሼ፣ አባታችንን አልማዝ ልታደርገው አይደለም የጠራኸን። መቃብሩ ቀርቶ፣ ወደዚህ ቤት የምንመጣበት ምክንያት እንዳይኖር ነው።»

ሰብሳቢው ንግግሩን ስሜታዊ ነው ብለው ወደ ድምፅ መስጠት አለፉ። ሽያጩ በሦስት ድጋፍ፣ በሁለት ተቃውሞ ጸደቀ። ሟቹ ስድሳ ዓመት ገደማ የሠሩበትን ግቢ ደግፈው ሸጡ። ወ/ሮ ፉሚኤ ከታች ተመልሰው በቦታው ቢኖሩም እጃቸውን አላወጡም፤ የጠየቃቸውም አልነበረም።

አጀንዳ 5፦ ልዩ ልዩ

ወ/ሮ ፉሚኤ የመናገር ዕድል ጠየቁ። ሰብሳቢው በአጭሩ አሏቸው። እሳቸውም ተነሥተው የአመዱን ማሰሮ ከቦታው አውርደው ጭናቸው ላይ አስቀመጡና ተናገሩ። ጸሐፊው ከዚህ በታች ያለውን እንደሰማው ጽፏል።

«ሃምሳ አራት ዓመት አብሬው ስኖር አንድ ቀን ቀለበት አልገዛልኝም። እኔም አልጠየቅኩትም፤ ቀኑን ሙሉ ዓሣ ሲሰነጥቅ የሚውል እጅ ቀለበት ምን ያደርግለታል? አሁን እሱኑ ራሱን ቀለበት አድርጋችሁ ለሌላ ሴት ጣት ልትሰጡብኝ ነው?»

ወ/ሮ ሳኤኮ እጃቸውን ጠረጴዛውን ከሸፈነው የማሞቂያ ብርድ ልብስ ሥር አስገቡ።

«የምትወስዱት አንድ ማንኪያ ነው። የቀረውን ሰውዬ ለመላኪያ ገንዘብ ሰስታችሁ ጣላችሁት። ታች ሆኜ ሰምቻችኋለሁ፤ ወለሉ ሳንቃ ነው።»

ቀጥለው ስለ ግቢው ተናገሩ። ቦታው የወ/ሮ ፉሚኤ አባት ርስት ነበር፤ ቶኩጂ የዓሣ ጀልባ ሠራተኛ ሆኖ መጥቶ፣ አግብቷቸው፣ የሚስቱን ቤት ስም ወርሶ የገባ ሰው ነው። የቦታው ወረቀት ዛሬም በእሳቸው ስም ነው። በእሳቸው ስም ባለ ቦታ ላይ ቀብድ የተቀበለ ሰው ቀብዱን ይመልስ አሉ። አቶ ሪዮሄ ገንዘቡ መኪና እንደተገዛበት በዝቅተኛ ድምፅ ገለጹ። ወ/ሮ ፉሚኤ «እንግዲያው መኪናው ይሸጣል» አሉ። አቶ ሪዮሄ እናታቸው በዚህ ዕድሜ ብቻቸውን መቀመጣቸው እንደሚያሳስባቸው ተናገሩ። ለምን ያህል ጊዜ ሲያሳስባቸው እንደቆየ ተጠየቁ። የሚጠብቃቸውን ደንበኛ ጉዳይ ከዚህ በኋላ አላነሡም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ወይዘሪት ኒሺኦ መጽሔታቸውን ዘግተው እግራቸውን አጥፈው ተቀምጠው ነበር። ለመሄድ ፈቃድ ሲጠይቁ ወ/ሮ ፉሚኤ እንግዳዋ ከምሳ ሰዓት ጀምሮ ምንም እንዳልቀመሱ አስታውሰው ሩዝና የተጠበሰ ዓሣ አስመጡላቸው። አማካሪዋ ሁለት ጊዜ ጎርሰው አቆሙ። ወ/ሮ ፉሚኤ ጨው በዝቶበት እንደሆነ ጠየቁ።

«አይደለም፣ እማማ» አሉ ወይዘሪት ኒሺኦ። «እናቴ ካረፈች ሦስት ዓመቷ ነው። እስካሁን ቁም ሣጥን ውስጥ ናት።»

«ምነው?»

«መቃብር የምገዛበት አልነበረኝም። እዚህ ድርጅት ስቀጠር ለሠራተኛ ቅናሽ አለ ብለውኝ ነበር። አለ። ከቅናሹም በኋላ አልደርስበትም።»

ጸሐፊው በሥራ ዘመኑ ብዙ የዋጋ ዝርዝር ሲነበብ ሰምቷል፤ አንባቢው ራሱ ሊከፍለው የማይችለውን እንዲህ በትሕትና ሲያነብ ግን ሰምቶ አያውቅም።

«ስሟ ማን ነበር?» አሉ ወ/ሮ ፉሚኤ።

«ዮኔኮ።»

«ሐሙስ መደብሩ ዝግ ነው። ጠዋት ቶኩጂን ይዘን እንወጣለን። ዮኔኮን ይዘሻት ነይ፣ ልጄ። ቤተ መቅደሱ የጋራ መቃብር አለው፤ መነኩሴውን እኔ አናግረዋለሁ። ሠላሳ ዓመት ዓሣ የሚበላው ከእኔ ነው።»

ወይዘሪት ኒሺኦ ደረጃው መቶ አሥር መሆኑን ሰምቻለሁ፣ እናቴን እኔ እሸከማለሁ፣ አባትንም ለሚሸከም አግዛለሁ አሉ። አቶ ኩኒዮ አባታቸውን መሸከም ስለለመዱ እርዳታ እንደማያስፈልጋቸው ገለጹ። አቶ ሪዮሄ ይህ ጉዳይ በአጀንዳ አልተያዘም ሲሉ ተቃወሙ። ወ/ሮ ፉሚኤ ወደ ጸሐፊው ዞረው «ኮይኬ፣ ጻፈው» አሉ። ተጽፏል።

የመጨረሻ ውሳኔ

ከአጭር ውይይት በኋላ በሦስት ድጋፍ፣ በአንድ ተቃውሞና በአንድ ድምፀ ተአቅቦ የሚከተለው ተወሰነ። ተቃዋሚዋ ወ/ሮ ሳኤኮ ናቸው። ድምፅ ያልሰጡት ባለቤታቸው የመኪና ቁልፋቸውን እየተመለከቱ ነበር። የሟቹ ድምፅ አልተቆጠረም።

ከመጀመሪያው ቃል እስከ አጀንዳ 4 መጨረሻ የተወሰነው ሁሉ፣ አልማዙ፣ ካራቱ፣ ተራው፣ ሽያጩና ደንቡ ጭምር፣ እንዳልተወሰነ ተቆጥሮ ተሽሯል። ይህን ለመወሰን የተቋቋመው የቤተሰብ ጉባኤም ፈርሷል። ቀብዱ ይመለሳል። ሐሙስ ጠዋት በ3 ሰዓት ቶኩጂ ኢሶጋይ ሙሉ አመዳቸው ሳይጎድል ከወ/ሮ ፉሚኤ ወላጆች ጎን ያርፋሉ። በዚያው ቀን የወይዘሪት ኒሺኦ እናት ዮኔኮ በጋራው መቃብር ያርፋሉ፤ ለዚህም የሚጠየቅ ክፍያ የለም።

ንፋሱ ስለበረታና ዓሣው ከመደርደሪያው መነሣት ስለነበረበት፣ ስብሰባው ከቀኑ 11፡20 ተበትኖ፣ ከአቶ ሪዮሄና ከባለቤታቸው በቀር ሁሉም ወደ ግቢው ወርዷል።

ኮይኬ፣ ጸሐፊ